ባንቺአምላክ የሞተችው በማጅራት ገትር ነው

የባንቺአምላክን መሞት የነገሩኝ የድሮ አከራያችን እትዬ አንጓች ናቸው። ሰኞ ጧት ነበር። የምሠራው ዳባት ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት የክፍሉን ወለል እየወለወልኩ ስልኬ ጠራ። እትዬ አንጓች ሌላ ጊዜ ሰላምታቸው አያልቅም። ያን ቀን ግን «ባንቺ አረፈች» ብለው ጀመሩ። የታመመችው አራት ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ ራሴን አለች፤ ከዚያ ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያ አንገቷን ማዞር አቃታት። ጎንደር ሆስፒታል በገባች በማግስቱ አለፈች። ሐኪሞቹ ማጅራት ገትር ነው ብለዋል። ቀብሩ ዛሬ በስምንት ሰዓት ደባርቅ ነው።

«እሺ እትዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ወለሉን ወልውዬ ጨረስኩ። መወልወያውን አጥቤ፣ ጨምቄ፣ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ነው ዳይሬክተሯን ያስፈቀድኳት።

በሚኒባሱ ውስጥ አለቅሳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይም አላለቀስኩም። አባቷ ከጃናሞራ አልደረሱም ነበር፤ ባሏ አዛናው የፓርክ ጠባቂ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጠመንጃውን ሰው ይዞለት፣ ሁለት ወንዶች ደግፈውት ቆሟል። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔ የምመለከተው የአዛናውን ጫማ ነበር። አንደኛው ማሰሪያው ተፈትቷል፤ ማንም አላየለትም። አስሬለት ብሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አንደኛዋ ማጅራት ገትር የሚሉት ለይሉኝታ ነው አለች። ልጅቱ ድሮም ክኒን ታጠራቅም ነበር፤ ያኔ ተርፋ አሁን ፈጸመችው አለች። ሌላዋ አማተበችና «እኔም ሰምቻለሁ» አለቻት።

ዞሬ መናገር ነበረብኝ። ንፍሮውን አንድ በአንድ እያነሳሁ በላሁት። ያ ወሬ ከየት እንደ ተነሣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ ባንቺ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የተዋወቅነው ደባርቅ ውስጥ፣ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶች በሚያድሩበት አንድ መለስተኛ ሆቴል ነው። ሁለታችንም ክፍል አጽጂዎች ነበርን። እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ፣ እሷ ሃያ ሦስት ዓመቷ። ከጃናሞራ ለትምህርት መጥታ፣ የፈተና ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ወደ ቤት ከመመለስ ብላ ሥራ የያዘች ልጅ ናት። ረጅም ናት፤ ቀጭን ናት፤ ስትናገር እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው ትናገረዋለች። እኛ ከተማ ያደግነው ቸኩለን የምንውጠውን ቃል እሷ አትውጠውም። የሆነ ነገር ሲከብዳት በአውራ ጣቷ የግራ ቅንድቧን ወደ ላይ ታሻሻለች። ቦታው ላይ ፀጉሩ ሳስቶ ነበር።

አልጋ ማንጠፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን አንድ እንግዳ የወጣበትን ክፍል ከፍታ ወዲያው አልገፈፈችውም። በሩ ላይ ቆማ አልጋውን ተመለከተችው። «ይኸ ሰው አልተኛም» አለች። እኔ የማየው ያው የተዝረከረከ አልጋ ነው። አንሶላው ከአንድ ወገን ብቻ ተነቅሎ መውጣቱን፣ ትራሱ በሁለቱም በኩል መጨማደዱን፣ ብርድ ልብሱ ሦስት ቦታ ታጥፎ መቅረቱን አሳየችኝ። የተኛ ሰው ጎድጓዳ ትቶ ይሄዳል አለች። ያልተኛ ሰው የሚተወው ሽብሽብ ነው።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን እንደማትሳሳት አየሁ። ሁለት ሌሊት የሚያድር እንግዳ ከሆነና አንሶላው ሽብሽብ ከሆነ፣ ለሁለተኛው ሌሊት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ታስቀምጥለታለች፤ ወይም ከመንገዱ ራቅ ወዳለው ክፍል እንዲዛወር ለእንግዳ ተቀባዩ ትነግራለች። ማንም አላዘዛትም።

አንድ ጊዜ ቱሪስቶች ይዞ የመጣ ወጣት ሹፌር ነበር። እንግዶቹ ጧት በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርደው ወደ ሰሜን ሊሄዱ ነው። ባንቺ ፎጣ ልትቀይርለት ገብታ አልጋውን አየችና ሳይተኛ ማደሩን ስትጠይቀው፣ ሦስተኛ ሌሊቱ መሆኑን ነገራት። ለሆቴሉ ባለቤት ብትነግራቸው ሳቁባት፤ ሹፌር ለምዶታል አሏት። እሷ ወጥ ቤት ገባች። ከወጥ ሠሪዋ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ የማውቀው በዚያ ጧት ጋዝ አልቋል ተብሎ ቁርሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ መዘግየቱን ነው። እንግዶቹ አጉረመረሙ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኛ። ባንቺ በረንዳው ላይ ቆማ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው፣ በመኪናው አጠገብ የሚያልፈውን ሁሉ በእጇ ዝም ታሰኝ ነበር። ጋዙ እንደነበረ ሲታወቅ ባለቤቱ ተቆጧት። አቀርቅራ ሰማቻቸው። ሲጨርሱ «እሺ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከወራት በኋላ እትዬ አንጓች ግቢ አንዲት ክፍል አብረን ተከራየን። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የሰው ሁሉ አንሶላ የምታየውን ልጅ፣ የእሷን አንሶላ አንድም ቀን አላየሁትም። እኔ ስነቃ አልጋዋ ሁልጊዜ ተነጥፎ፣ ጥጉ ተወጥሮ ነው የማገኘው። ንጹሕ ልጅ ናት እል ነበር። ሥራ ወዳድ ናት፤ ማልዳ ትነሣለች እል ነበር።

ሥራችን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ተራራው ላይ ወዳለው ወደ ጨነቅ የሚወጡ እንግዶች ገና ሳይነጋ ይቀሰቀሳሉ፤ ምሳቸው ይቋጠራል። የምትቀሰቅሰኝ ባንቺ ናት፤ የእግሬን አውራ ጣት ይዛ ዝም ትላለች። ተኝተሽ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃት «አይ፣ ስጠብቀው ነው ያደርኩ» ትለኛለች። የምትጠብቀው እንቅልፉን ነው። ዛሬም ቀረ ትላለች፣ እንደሚመጣ ተናግሮ ሳይመጣ እንደቀረ እንግዳ። እስቅ ነበር። አነጋገሯ ያስቃል። የሆቴል ሥራ የሰው እንቅልፍ ያዛባል፤ የሁላችንም ተዛብቷል፤ ስለዚህ የእሷም ከዚያ የተለየ አልመሰለኝም።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት እንግዳ እየቀነሰ ሄደና ጭራሹን ቀረ። ሆቴሉ ከሠራተኞቹ ግማሹን አሰናበተ፤ እኛ ቀረን፤ ሥራችን ግን ሰው ያልተኛባቸውን አልጋዎች በሳምንት አንድ ቀን ማናፈስ ሆነ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት የሚቀሰቀስ ሰው የለም። እኔ ደስ ብሎኝ እስከ አንድ ሰዓት ተኝቼ አረፍድ ጀመር። ባንቺ ግን ያው ነቅታለች።

ግቢው ይህን አወቀ። በግቢው ውስጥ አምስት ቤት ተከራይ አለ። መጀመሪያ እትዬ አንጓች ለኪዳን እንድትቀሰቅሳቸው ጠየቋት፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ጆሯቸው አይሰማላቸውም። ቀጥሎ ለጎንደር የማለዳ መኪና የሚሄድ ተከራይ ጠየቃት። ቀጥሎ ለፈተና የምታጠና ሰላም የምትባል የጎረቤታችን ልጅ ጠየቀቻት። ባንቺ በየበሩ እየሄደች በጣቷ ጥፍር ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች። ከስልክ ማንቂያ እሷ ትሻላለች ይላሉ። እትዬ አንጓች በየጧቱ ይመርቋታል። ሰው ለአንድ ሰው እንቅልፍ ማጣት ያን ያህል ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም። እኔም አመስግኛለሁ። ሁላችንም በእሷ አለመተኛት ተጠቅመናል።

መቼ እንደ ጀመረ ቀኑን መናገር አልችልም። መጀመሪያ ምሳ መብላት ተወች። ከዚያ ፀጉሯን መሠራት ተወች። ሽሮ ጥዳ ፊቱ ተቀምጣ እያየችው ያርራል። ወደ ጃናሞራ መደወል አቆመች፤ አባቷ ሲደውሉ እኔ አነሣና ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች እላለሁ። ቀን ቀን ትተኛለች ብዬ አስባለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና ትጋደማለች፤ ግን ስጠራት ወዲያው «አቤት» ትለኛለች። ምን ሁነሽ ነው ብዬ ስጠይቃት ድካም ነው ትላለች። ያንኑ ቃል ስለደጋገመችው ቀስ በቀስ መጠየቄን ተውኩ።

ሰላም የነርስነት ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ጎንደር ልትፈተን የነበረበት ቀን መጣ። የማለዳውን መኪና መያዝ አለባት። ባንቺን አደራ ብላት ተኛች። ባንቺ አልቀሰቀሰቻትም።

ጧት በጩኸት ነቃሁ። ሰላም በራችን ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ እናቷ ባንቺን ይወቅሷታል። ባንቺ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ጫማዋን እንዳደረገች ተቀምጣለች። ተኝታ ኖሯል ተባለ። እሷ አይደለም አለች።

«ነቅቼ ነበር» አለች። «ሰዓቱን ሳየው ነበር። አሥር ሲል አየሁት፣ አሥራ አንድ ሲል አየሁት። መነሣት ነው ያቃተኝ።»

የሰላም እናት ይህን እንደ ክፋት ቆጠሩት። ተኝታ ቢሆን ይቅር ይሏት ነበር። ነቅታ ዝም ማለቷን ግን ማንም ሊገባው አልቻለም። እኔም አልገባኝም። ሰላም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላናገረቻትም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተፈትና አለፈች፤ ይኼ ግን በኋላ የሆነ ነው። በዚያን ቀን ግቢው ፊቱን አዞረባት። በሩን የሚያንኳኳ ጣት ቀረ። እትዬ አንጓች ብቻ ሳይቀየሙ ጠበል ወሰዷት። ሰባት ቀን ተጠመቀች። የጠበሉ አባት ደግ ሰው ናቸው፤ በሰባተኛው ቀን ጸሎቱን አታቋርጪ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለዋት ነበር። እሺ አለች። አልሄደችም።

አባቷ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ምናልባት ድምጿን ማጣታቸው ነግሯቸዋል። በሶ በስልቻ ይዘው፣ ከጃናሞራ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና መጥተው፣ ያለንበት ክፍል ገብተው ተቀመጡ። ብዙ የማይናገሩ ገበሬ ናቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ልጅ ሳለች ከማሳ ዳር ተኝታ በአህያ ጭነው ወደ ቤት ሲወስዷት እንኳ እንደማትነቃ ነገሩኝ። ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ፣ እሷ እንድትሰማቸው ነው። ወደ ቤት እንድትመለስ፣ እናቷ ዘንድ እንድታርፍ ጠየቋት።

«አባየ፣ እዚያም ይዠው ነው የምሄድ» አለቻቸው።

ምን እንደሆነ አልጠየቋትም። ማታውን እዚያው መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው አደሩ፤ ጧት ከመሄዳቸው በፊት ደጃፉ ላይ ጠርተውኝ አደራ አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት እሷ ለሥራ ወጥታ ሳለ አልጋዋን ሳይነጠፍ አገኘሁት። አብረን በኖርንባቸው ሦስት ዓመታት ያልተነጠፈበት የመጀመሪያው ቀን ነው። አንሶላውን አየሁት። ሽብሽብ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሽብሽብ ነው። ራሷ ያስተማረችኝ ነገር ነው፤ ለማንበብ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ላነጥፈው ፍራሹን ከፍ ሳደርግ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ክኒን ነው። የተለያየ ዓይነት፣ ከተለያየ ቦታ የተገዛ፣ ብዙ።

ጨርቁን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስትመለስ በእጄ አየችው። በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ልትሞች ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ በቀጥታ። ሌላ አጠያየቅ አልመጣልኝም።

«ለመሞት አልነበረም የገዛሁት» አለች። «ለመተኛት ነው። አንዱ አልይዝ ሲለኝ ሌላ ገዛሁ።» ቅንድቧን በአውራ ጣቷ አሻሸች። «አሁን ግን የሁለቱ ልዩነት ጠፍቶኛል።»

ድምጿ የሆቴሉን ፎጣ ስትቆጥር እንደምትናገረው ያለ ነበር። እኔም በዚያው ድምፅ ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኳት። ደባርቅ ሰው ያየኛል አለች። እንግዲያው ዳባት አልኳት። ጨርቁን ለእኔ ተይልኝ ብላት እጇን አነሳችና መልሳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ውሰጅው ማለቷ ነው።

ለእትዬ አንጓች የነገርኳቸው በዚያን ቀን ማታ ነው። ፈርቼ ነበር። ብቻዬን የማድርበት አቅም አልነበረኝም። ክኒን አግኝቻለሁ፣ ነገ ዳባት እወስዳታለሁ፣ ለማንም እንዳይናገሩብኝ አልኳቸው። ማሉልኝ። እትዬ አንጓች ክፉ ሴት አይደሉም። ሲጨንቃቸው ለአንድ ሰው ነገሩ፤ ያ ሰው ለሌላ ነገረ። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የሰማሁት ያው የእኔ ቃል ነው። ስምንት ዓመት ዞሮ፣ ግማሹ ወድቆ፣ ቀብሯ ላይ ደረሰ።

ዳባት ያገኘናት ነርስ የአእምሮ ሕመም የምታክም አጠር ያለች ሴት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር ብቻ ስላለ እኔ ቆምኩ። ስለ ክኒኑ ከመጠየቋ በፊት ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት። ከመቼ ጀምሮ ነው? ለመተኛት ነው የሚቸግርሽ ወይስ ተኝተሽ ትነቂያለሽ? ስትነቂ ምን ታስቢያለሽ? ባንቺ እየመለሰች ሄደች። መነሻው ከእኛ መተዋወቅ በፊት፣ የፈተና ውጤት ካልመጣላት ክረምት ጀምሮ መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። በመጀመሪያ እንቅልፉ ብቻ ነበር የጠፋው። ሐዘኑ አልነበረም። ሐዘኑ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ስሙ ሐዘን አልነበረም፤ ምንም ነገር ምንም አለመምሰል ነበር። አባቷ ደጃፉ ላይ ሲሰናበቷት እንኳ ምንም አልተሰማትም። ይህን ስትናገር ነው መጀመሪያ ድምጿ የተሰበረው።

ነርሷ መጻፏን አቆመች። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ወጣት ሴቶች እንደሚመጡ ነገረቻት። የሚመጡት እንቅልፍ አጣሁ ብለው ነው፤ ስለ ድባቴው አያወሩም፤ አንዳንዶቹ ስም እንዳለውም አያውቁም። ሁለቱ ይጎታተታሉ አለች። እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡ ይደክማል፤ ልቡ የደከመ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ረዥም ጊዜ ሲቆይ የትኛው እንደቀደመ ባለቤቱም ይረሳዋል። ስለዚህ ሁለቱንም አብረን ነው የምንይዘው አለቻት።

«ሰነፍ ሁኘ ነው የመሰለኝ» አለች ባንቺ።

«ታመሽ ነው» አለቻት ነርሷ። «ይድናል።»

መድኃኒት ጀመረችላት፤ ጥቂት ጥቂት እየሰጠች፣ የምይዘው ግን እኔ ነበርኩ። የተቋጠረውን ክኒን ባንቺ ራሷ ከቦርሳዬ አውጥታ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ማንም አላስገደዳትም። ይህን የማወራው ለማሳመር አይደለም። ያየሁት ይህንን ነው፤ ወሬው ግን ይህችን አጉድሎ ነው የዞረው።

ነርሷ ሌላም አዘዘቻት። ቀን እንዳትጋደም፤ በየጧቱ ተኛችም አልተኛችም በአንድ ሰዓት እንድትነሣ፤ አልጋ ላይ ገብታ እንቅልፉ ካልመጣ እዚያው እየጠበቀች እንዳትቆይ፣ ተነሥታ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ። በየሁለት ሳምንቱ ተመላለስን። የመጀመሪያው ወር ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ወር ላይ ሽሮው ማረሩን አቆመ። ሦስተኛው ወር ላይ ለአባቷ ራሷ ደወለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዳባት ስንመለስ፣ የወቅን ከተማን እንዳለፍን ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። የምትቀልድ መስሎኝ «ምን ነው» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ደባርቅ መናኸሪያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወረደ። ሹፌሩ ዞሮ አየን። ታማ ነበር፣ ትንሽ ይጠብቁን አልኩት። ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ትከሻዬ ደነዘዘ። አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮዋ እንደ ሰው ሁሉ ኑሮ ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የክፍሎች ኃላፊ ሆነች። አዛናውን አገባች። እኔም አግብቼ ወደ ዳባት መጣሁ፤ በዓል በመጣ ቁጥር እንገናኛለን። ሕመሙ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። ሁለቱንም ጊዜ እንቅልፏ መዛባት ሲጀምር ራሷ አውቃ፣ ማንም ሳይጎትታት ነርሷ ዘንድ ሄዳለች። ሁለተኛው ጊዜ ቤቴ አድራ ነበር። ጧት አልጋው ያልተነጠፈ ነበር፤ ሆን ብላ ትታው፣ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። «እይው ብየ ነው» አለችኝ። አየሁት። አብረን ሄድን።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አዛናው ዳባት ድረስ መጣ። ውሃ ብቻ ነው የጠጣው። ሰው የሚያወራውን እንደሰማ ነገረኝ። ያኔ ስለተደረገው ነገር የምታውቂውን ንገሪኝ አለ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጨርቁን፣ ዳባትን፣ ለእትዬ አንጓች መናገሬንም። ወሬው ከእኔ አፍ እንደወጣም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ስንጫጭ ነው የነገረችኝ። እንዳልደነግጥ ብላ።» ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። «ሳይንሾካሾክ የሚናገረው ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

አርባዋ በወጣ ቀን ደባርቅ ሄድኩ። ሴቶቹ ጓሮ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ድንኳን ውስጥ ከኋላዬ የነበሩት ሁለቱም አሉ። ቢላዋ ይዤ አብሬ ተቀመጥኩ። ሽንኩርቱ ሁላችንንም እያስለቀሰን ነበር፤ ስለዚህ እንባዬ ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቀኝም። ባንቺአምላክ የሞተችው በማጅራት ገትር ነው አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከብዙ ዓመት በፊት ክኒን አጠራቅማ ነበር፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያወራሁትም እኔ ነኝ፤ ለነርሷ ያስረከበችው ግን ራሷ ናት። እንቅልፍ አጥታ ታማ ነበር፤ ታክማ ድናለች፤ ሲመለስባትም ታክማለች። ከዚህ ሌላ የምታወሩት ውሸት ነው አልኩ።

ቢላዋዎቹ ቆሙ። እትዬ አንጓች በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከሁለቱ ሴቶች አንደኛዋ «እኛማ የሰማነውን ነው» አለች፤ ሌላዋ ሽንኩርቷን መላጧን ቀጠለች። ከዚህ የበለጠ ነገር አልሆነም። ጥቂት ቆይቶ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ዞረ። ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ከሰዓት በኋላ ተሰናብቼ ስወጣ አንዲት የማላውቃት ልጅ እስከ አጥሩ በር ተከተለችኝ። ጓሮ ውስጥ ውሃ ስታቀርብ አይቻታለሁ። አሥራ ዘጠኝ ወይ ሃያ ቢሆናት ነው። ነጠላዋን በጣቶቿ እየጠቀለለች መሬት መሬቱን ታያለች። እህቴ አለችኝ።

«እኔም ከፋሲካ ወዲህ አልተኛሁም» አለችኝ።

ከመንገዱ ማዶ የመጨረሻው የዳባት ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ ሰው ይጠራል። ባሌ እራት ላይ ይጠብቀኛል። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አቧራውን በእጄ ጠረግሁና ተቀመጥኩ፤ ለእሷም ቦታ ለቀቅሁላት።